ከእጩዎቹ ዝርዝር የቀረችው ፀሐይ

የፊልም ሽልማቱ እጩዎች ዝርዝር የወጣ ቀን ሾላ ገበያ አጠገብ ጁስ ቤት ተቀምጠን ነበር። ዝርዝሩን በስልኬ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የወደድኩት ፊልም የለም። በምርጥ ፊልም የለም፣ በተዋናይ የለም፣ በመብራት እንኳን የለም።

ያ ፊልም ሲኒማ ቤት በር ላይ ሰው ለወራት ሲያሰልፍ ከርሟል። ምንም የማይጥማቸው የሬዲዮ ሃያሲዎች ሳይቀሩ አመስግነውታል። እኔ ሦስት ጊዜ አይቼው፣ ግጥም ልጽፍለት ሞክሬ አቅቶኛል።

አብረውን የተቀመጡት ጋሼ የግቢያችን ሰው ናቸው። የፊልሙን መብራት የሠሩት እሳቸው ነበሩ። ዘንድሮም ካልታጩ ሙያውን ትተው ከወንድማቸው ጋር እህል ሊነግዱ እንደቆረጡ ጠዋት ነግረውኛል። የወንድማቸው መጋዘን እዚያው ገበያው ውስጥ ነው፤ ቃላቸውን ሊሰጡት ነበር የመጣነው። መንገድ ላይ የተቀላቀለን ጓደኛዬ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ጎረቤቴ ናቸው ብዬ ብቻ ነው ያስተዋወቅኳቸው።

ክርክሩን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዳኞች ሕዝብ የወደደውን ይጠረጥራሉ፣ ሰልፍ ያለበት ሁሉ ቀላል ሥራ ይመስላቸዋል አልኩ። ጓደኛዬ መምህር ነው፤ ወሬውን ሁሉ እንደ ፈተና ወረቀት ያርማል። ሕዝቡ ሽልማቱን በሰልፍ ሰጥቷል፣ ዋንጫው ሰው ላላየው ፊልም ይተውለት ባይ ነው። እልህ ይዞኝ በፊልሙ ውስጥ እናትየዋ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ፊቷ ቀስ እያለ የሚበራበትን ቦታ አነሳሁበት።

«እሱማ ዕድል ነው» አለ። «ሲቀርጹ ደመናው ተገለጠላቸው። ታዲያ ማንን እጩ ያድርጉ? ፀሐይን?»

ጋሼ ጁሳቸውን ማማሰል አቆሙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ፀሐይ መሰለህ?» አሉት።

«መሰለኝ ምን ያስፈልጋል ጋሼ? በዓይኔ አይቼው።»

ተነሱ አሉን። ወደ መጋዘኑ የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ግቢያችን መልሰውን ከአልጋቸው ሥር ቁመታቸውን የሚያህል የኮምፔንሳቶ ጣውላ ጎትተው አወጡ። ፎይል ተለጥፎበታል፤ ፎይሉ መጀመሪያ ተጨማዶ ኋላ በእጅ የተዳመጠ ነው። ተሸክመነው ከየካ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ወጣን።

ባሕር ዛፉ ውስጥ ጥላው ከብዷል። ጓደኛዬን ግንድ አስደግፈው ካቆሙ በኋላ ወደ ገላጣው ርቀው ጣውላውን ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ብርሃኑ መጀመሪያ ቅጠል ላይ ተንቀጠቀጠ፣ በግንዱ ወረደ፣ ከዚያ ከአገጩ ጀምሮ ፊቱን ቀስ ብሎ ወጣው። ከልጅነታችን ጀምሮ ሲያርመኝ የኖረው ፊት እንደ እናትየዋ ፊት በራ። ሦስት ጊዜ አይቼ ቃል ያጣሁለት ብርሃን ከአልጋ ሥር የወጣ ነበር።

ፎይሉ ለምን እንደተጨማደደ ጠየቅኳቸው።

«ልሙጡ ይመታል» አሉ። «ይኼ ይዳስሳል።»

ጓደኛዬ የፊልሙን መብራት የሠሩት እሳቸው መሆናቸው ሲገባው ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። ጋሼ ሳቁበት። ዳኞቹም ፀሐይ መስሏቸው ይሆናል፣ ታዲያ እኔ ሥራዬ ፀሐይ ከመምሰሉ ሌላ ምን ስፈልግ ኖሬአለሁ አሉ። ስልካቸው ጠራ፤ ወንድማቸው ነበር።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አሉት። «ነገ ሥራ አለብኝ።»

ምንም ሥራ አልነበራቸውም።

ስንወርድ ጣውላውን ጓደኛዬ ተሸከመ። በተጠማዘዘ ቁጥር የታች ቤቶች ቆርቆሮ ላይ ብርሃን ይሮጣል። ጋሼ ከኋላው ይቆጡታል፤ ቀስ በል፣ የሰው ዓይን ውስጥ አትጨምር ይሉታል።