ያልታየው የአሥር ሰዓት ቁጥር

ሳዳሲቫም ያን ጥያቄ እስካሁን አልመለሰውም፤ ሽማግሌው ቬዳቻላም ያን ዓርብ አፉን የከፈተው ለሴትዮዋ አዝኖ ነበር ወይስ እንቅልፍ አምሮት?

ሳዳሲቫም በባሕሩ ጠረፍ ወዳለው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ የመጣው ሥራ ሊረከብ ነው። ቬዳቻላም ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶታል። አገሩን የሚገዙት እንግሊዞች የሚጽፍበትን መዝገብ ለሌሎች ጣቢያዎች አርአያ አድርገው ያሳዩ ነበር፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ስርዝ የለበትም። ሰውየው ግን እንቅልፍ የሚባል አያውቅም። ወንበሩ ላይ አንገቱ ዘንበል ይልና ወዲያው ባንኖ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲቃረብ ይብስበታል። የአየር ግፊት መለኪያውን የሜርኩሪ ቱቦ በጥፍሩ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ያነባል፤ ደግሞ ያነባል፤ ከዚያም ሳዳሲቫምን ጠርቶ ያስነብበዋል።

«አያ ቬዳ፣ ሜርኩሪው እግር አለው እንዴ? ወዴት ይሄድብዎታል?» አለው አንድ ቀን ሳዳሲቫም እየሳቀ።

«አንድ ጊዜ ሄዷል» አለና ሽማግሌው ቱቦውን እንደገና መታ አደረገ።

በዚያ ጠረፍ ሜርኩሪው እንደ ሰው ደረት ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይነሣል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ በየቀኑ፣ በዚያው ልክ። የለመደ ሰው ሳያየው ሊጽፈው ይችላል። ከልኩ በታች ከወረደ ግን ማዕበል እየመጣ ነው።

ዓርብ ዓርብ ፔቺ የምትባል አሮጊት ደረቅ ዓሣ በዘንባባ ቅጠል ጠቅልላ ለቬዳቻላም ታመጣለች። ባሏን ካታሙቱን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ማዕበል ከስድስት ጀልባዎች ጋር በልቶባታል። ያኔ ቬዳቻላም ቤቷ ድረስ መጥቶ አልቅሶላት ነበር። ዓሣው ለዚያ እንባ ነው።

የመጨረሻው ዓርብ ዓይኖቹን አይታ ተቆጣችው። «ዛሬም አልተኙም? ካታሙቱን የወሰደው ባሕር ነው፤ እርስዎ ምን ቤት ነዎት?»

ቬዳቻላም ተነሥቶ ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ መዝገብ አወረደ። ገጹን ሳይፈልግ ገለጠው፤ ጣቱንም አንድ ቁጥር ላይ አሳረፈ። ካታሙቱ የሞተ ቀን የእህቱ ልጅ ጆሮ የሚበሳበት በዓል እንደነበረ ነገራት። የአሥር ሰዓቱን ቁጥር ሳያይ በሰባት ሰዓት ጽፎ፣ በሩን ዘግቶ ሄደ። ማታ ሲመለስ ሜርኩሪው አይቶት በማያውቀው ልክ ወርዶ ነበር፤ ጀልባዎቹም ወጥተው ነበር።

ፔቺ ማንበብ አትችልም። ጣቱን አየች።

«ብታየው ኖሮ?»

«የማዕበሉን ማስጠንቀቂያ፣ ጥቁሩን ምልክት፣ ምሰሶው ላይ እሰቅል ነበር። አይወጡም ነበር።»

ሴትዮዋ ያመጣችውን የዓሣ ጥቅል ከጠረጴዛው ላይ መልሳ አነሣችና በልብሷ ጫፍ ቋጠረችው።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አበላሁህ። ከእንግዲህ አላመጣም።»

ዘወር ሳትል በአሸዋው ላይ ሄደች።

ሳዳሲቫም ሽማግሌው የሚወድቅ መስሎት ተጠጋው። እሱ ግን ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። በደንቡ መሠረት መፋቅ ክልክል ነው፤ በቁጥሩ ላይ አንድ መስመር አሰመረ፣ ከጎኑ «አልታየም» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ከዚያ በረንዳው ላይ ሰሌኑን ዘርግቶ ጋደም አለ።

ሳዳሲቫም መለኪያው ክፍል ገብቶ ቱቦውን ሁለቴ መታ አደረገ። ሽማግሌው እንደወትሮው ሳይጠራው ሲቀር ወደ ውጭ ጆሮውን ጣለ፤ ሰውየው ያንኮራፋል። ሰዓቱ ልክ አሥር ነበር።