የቀለሜ መንጠቆዎች

ሰፈሩ በሙሉ «ቀለሜ» ይለዋል። ስሙን ብቻ የሰማ መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው ይመስለው ይሆናል፤ እሱ ግን ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ደብተር ገልጦ አያውቅም። ቅጽል ስሙ የወጣለት የብረት አልጋና ወንበር በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም ቀቢ ስለነበረ ነው። ቅቡ በብሩሽ አልነበረም። እንደ ዱቄት የላመ ደረቅ ቀለም ብረቱ ላይ ይነፋል፤ ከዚያ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ቀልጦ እንደ ቆዳ ይለጠፋል።

ፋብሪካው ሲዘጋ ቤት ዋለ፤ ቤት መዋል ግን አላወቀበትም። ከበር ወደ መስኮት ሲመላለስ ልብስ ሰፊ ሚስቱ፣ «ኧረ ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስከው!» ትለው ነበር።

ሥራ ያመጣለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ነው። አንድ ቀን ራሱ ላይ የእርሳስ ድብልብል የተጣበቀበት መንጠቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለና፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው። ድንጋይ በነካ ቁጥር ቀለሙ ይላጣል። ራቁቱን ሲሆን ደግሞ ዓሣው ዞር ብሎም አያየው» አለ።

ቀለሜ ከጎማ ቤት ለመኪና ጎማ ሚዛን የሚለጠፈውን አሮጌ እርሳስ ለቅሞ አመጣ። ወጥ ቤት ውስጥ አቅልጦ መንጠቆው ላይ አፈሰሰና፣ እንደገና በእሳት አሙቆ የቀለም ዱቄት የሞላበት ብልቃጥ ውስጥ ነከረው። ተጓጉሎ፣ አንድ ጎኑ አብጦ ወጣ።

«ይሄ መንጠቆ ነው ወይስ ጆሮ ደግፍ የያዘው ሰው?» አለች ሚስቱ።

ሦስት ቀን አሰበበት። ከዚያ የላስቲክ ቱቦ ቆርጦ፣ ከሚስቱ ገበር ጨርቅ ወስዶ ከታች ወጠረበት፤ በጨርቁ ሥር የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ አያይዞ ዱቄቱን ከላይ ጨመረ። መንፊያው ሲነሣ ዱቄቱ ሊገነፍል እንደተቃረበ ወተት ከፍ ብሎ ይርገበገብ ጀመር። የጋለውን እርሳስ አንዴ ነክሮ ሲያወጣው ቀለሙ ስስና ልሙጥ ሆኖ ያዘ። በቤቱ አሮጌ ኦቭን ሃያ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ድንጋይ ላይ ቢቀጠቅጠው ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ ያን ቀን እንደ ልጅ ሲስቅ አየችው።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ስፌቷን ስታበቃ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። የእርሳሱን ጠርዝ በሞረድ ታስተካክላለች፤ ቀለም የደፈነውን የመንጠቆ ቀዳዳ በመርፌ ትከፍታለች። እጇ ሥራ ሲይዝ መርፌውን እንደ ልማዷ በከንፈሯ ትይዘዋለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠሩ፤ በትዳራቸው ያን ያህል ያወሩበት ጊዜ አልነበረም።

መጀመሪያ ሆዷን ቆረጣት፤ ጨጓራ ነው ተባለ። ቀጥሎ እንቅልፍ አጣች፣ ነገር ይከነክናት ጀመር። አንድ ጠዋት የደንበኛ ቀሚስ ስትቆርጥ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። አነሣችው፣ ደግሞ ወደቀ። ቀኝ እጇ ከአንጓው ታጥፎ ተንጠለጠለ፤ ቀና በል ብትለው እምቢ አላት።

ሐኪሟ ድዷን ገልጣ አየች፤ ጥርሷ ሥር እንደ ቀለም ሰማያዊ የሆነ ቀጭን መስመር ነበር።

«ቤት ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?»

«መንጠቆ ቀለም እንቀባለን» አለ ቀለሜ።

«ከቀለሙ ሥር ያለውስ ምንድን ነው?»

«እርሳስ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ደሟ ውስጥ የገባው እሱ ነው። የእርስዎንም እናየዋለን።»

የእሱም ደም ነበረበት፤ የእሷን ግን አያህልም። ቤቱ እስኪጸዳ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ቀለሜ ቱቦውን፣ ኦቭኑን፣ መጋረጃውን ሁሉ አወጣ፤ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ፍቆ በውሃ አጠበ። ሲጨርስ ሊያያት ሄደ። ጎኗ ተቀመጠ።

«የጎማ ቤቱ ሰውዬ ነግሮኝ ነበር» አለ። «‹ደጅ አቅልጠው፣ ብናኙም መርዝ ነው› ብሎኛል። አንድ ቀን ደጅ ሞከርኩት። ነፋሱ እርሳሱን ቶሎ እያቀዘቀዘ ቅርጹን አበላሸብኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገባሁት።»

«ለእኔ ግን አልነገርከኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

«ወይኔ!» አለች። «ምነው አሁንም ባትነግረኝ ኖሮ።»

አምስት ወር ሳትመለስ ቆየች። መድኃኒቱ ሆዷን አሻለው፤ እጇንም ትንሽ ቀና አደረገው፤ መቀስ ለመያዝ ግን አልበቃም። ደንበኞቿ ሌላ ሰፊ አገኙ። የመጣችውም ይቅር ብላው አይደለም። የወንድሟ ቤት ጠባብ ነበር፤ ሥራውን ያመጣው ያ ወንድም ራሱ ደግሞ ዓይኗን ማየት እያቃተው ነበር።

አሁን ቀለሜ የመጋዘን ጥበቃ ነው። ሥራ ከመሄዱ በፊት ያለብሳታል። አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ ተንበርክኮ የሹራቧን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ ይቆልፋል። እሷ ከትከሻው በላይ መስኮቱን ታያለች። እንጀምር፣ ቀና በይ፣ በቃ፤ ከዚህ ያለፈ ወሬ የላቸውም።

ዛሬ ጠዋት አንገቷ ጋ ሲደርስ አንድ ቀዳዳ ተረፈ።

«ዘለልክ» አለችው፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሣ።

ሁሉንም ፈታና ከታች ጀመረ።