እንዶድ የነካው ጠጠር

በቀደም ፒያሳ አንዲት ካፌ ውስጥ ማኪያቶ አዝዤ ተቀምጬ ነበር። ጥግ ላይ በመስታወት ሣጥን ቀያይ ዓሦች ይዋኛሉ። አስተናጋጇ የሣጥኑን ጠጠር በሳፋ አውጥታ ፈሳሽ ሳሙና ልታፈስበት ስትል፣ «ተይ ልጄ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ግን ያየሁት የአማቴን የእትዬ ዘነቡን እጆች ነው፤ በእንዶድ አረፋ እስከ ክርናቸው የነጡትን።

አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ መምህር ሆኖ መካነ ብርሃን ሲመደብ እኔ ቀሐ ወንዝ አካባቢ ከእናቱ ጋር ቀረሁ። ዓሣ ማርባት ተምሬ መምጣቴ ለእትዬ ዘነቡ እንቆቅልሽ ነበር። ቢሆንም ገንዳ የምቆፍርበት ቦታ ሳጣ የጎመን መደባቸውን ለቀቁልኝ። ዕድሜ ልካቸውን የኮተኮቱትን መደብ! ዓሦቹ ቢሞቱብኝ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ እያልኩ እሠጋ ነበር። ቁጥብ ሴት ናቸው፤ ስሜን እንኳ አይጠሩም፣ «የልጄ ሚስት» ነበርኩ።

የገንዳው ውሃ በትንሽ ፓምፕ እየተሳበ ጠጠር በሞላው በርሜል ያልፋል፣ ከዚያ በቀጤማ መደብ ዞሮ ይመለሳል። ጠጠሩን የሚሸፍነው ልጋግ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ቤት ነው። እነሱ የዓሦቹን ቆሻሻ መርዝ ያበርዱታል፤ የተረፈውን ቀጤማው እንደ ፍግ ይመገበዋል። ይህን ለእትዬ ዘነቡ ማስረዳት ነበረብኝ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ባክቴሪያ ምን ይገባዋል ብዬ ተውኩት። ልጅነትና ትዕቢት አብረው ይሄዳሉ።

የከተራ ዕለት ረፋዱ ላይ ከገበያ ስመለስ ቤቱ በእርጥብ ቀጤማ ተጎዝጉዞ ያውዳል። የእኔው ቀጤማ ነው። ደንግጬ ጓሮ ወጣሁ። እትዬ ዘነቡ ነጠላ ባጠቡበት እንዶድ ጠጠሩን አንድ በአንድ ፈትገው፣ አንጽተው፣ ወደ በርሜሉ መልሰውታል።

«ምነው ደነገጥሽ? ያን ሁሉ ልጋግ እንግዳ አይቶብሽ እንዳታፍሪ ብዬ ነው። ሸጋ አልሆነም?»

ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። አንዳንዶቹ በጎናቸው ተኝተዋል።

«ማን ንኩ አለዎት?» አልኳቸው። ያ ድምፄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

እጃቸውን አዩ፣ ገንዳውን አዩ። ጀሪካን አንስተው ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ሄዱ። ፓምፑን አቁሜ ተከተልኳቸው። እንዶድ ለዓሣ መርዝ ነው፤ በእሱ የተመረዘውን ውሃ እየቀዳን ስንደፋ፣ ንጹሑን ስንገለብጥ ዋልን። ታቦታቱ ሲወርዱ እልልታው ከአጥር ማዶ አለፈ። እትዬ ዘነቡ ጀሪካኑን አስቀምጠው ተሳለሙና መልሰው አነሱት። ታቦት ሳያጅቡ የቀሩበት ከተራ ያ ብቻ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ።

ግማሾቹ ሞቱ። የተረፉት ሲረጋጉ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠን ያን ያልነገርኳቸውን ነገር ነገርኳቸው።

«እርሾ ነው በይኛ!» አሉ። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ? እኔስ ቡሃቃዬን ሙልጭ አድርጌ አጥቤ አውቃለሁ?»

ጥቂት አሰቡና ወደ ታጨደው መደብ ሄዱ። «አጨድሁት እንጂ አልነቀልሁትም» አሉ። ልጋግ የያዘ የቀጤማ ሥር ከነጭቃው መዘዙ። ጠጠሩን ደጋግመን አለቅልቀን ሥሩን እርሾ እንዲሆነው መሃሉ ላይ አኖርን። እንደ ሊጥ ነው፣ ቀን ይፈልጋል፤ እስኪያገግም ድረስ በየዕለቱ ውሃ እየቀየርን ጠበቅነው።

በዚያው በከተራ ዕለት ማምሻ ባሌ ደወለ። «ዓሦቹስ?» አለኝ።

«ብርድ ጎዳብኝ፤ ግማሹ ግን ተርፏል።»

እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ስልኩን ስዘጋ፣ «ነይ ልጄ፣ ደክሞሻል፤ ቅመሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ «የልጄ ሚስት» ብለውኝ አያውቁም።

የካፌዋ ልጅ ሳሙናውን ይዛ እንደቆመች፣ «እማማ፣ ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

«አማቴ» አልኳት። ከዓሦቹ ሣጥን ቀድታ በዚያው ውሃ ብቻ እንድታለቀልቀው አሳየኋት።

እትዬ ዘነቡ ካረፉ ቆዩ። ባሌ ዛሬም ዓሦቹን የገደላቸው ብርድ ይመስለዋል። ይህን ካነበበ ጥፋቱ የእናቱ እንዳልነበረ ይወቅልኝ። ሳልነግራቸው የቀረሁት እኔ ነኝ።