የመንትዮቹ ደም

ወንድሜና እኔ መንታ ነን። እሱ ትንሽ ቀድሞኝ ስለተወለደ ዕድሜ ልኩን ታላቅሽ ነኝ እንዳለኝ ነው። አዲስ አበባ ሳለን እናታችን ከአንድ ጣቃ ቆርጣ ለእሱ ሸሚዝ፣ ለእኔ ቀሚስ ትሰፋልን ነበር። ናይሮቢ ከገባን በኋላም በዚያው ሙያዋ አኖረችን። ኢስትሊ ውስጥ፣ አንድ ፎቅ ሥር በተከራየቻት ጠባብ ሱቅ፣ ስንቷን ሙሽራ አልብሳ ሸኘች።

የልብስ ልክ ወረቀት ላይ አትጽፍም ነበር። ሜትሩን ሙሽራዋ ላይ ታሳልፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ በቃ። ከወር በኋላ ቀሚሱ ሲለበስ ከሰውነት ላይ የበቀለ ይመስላል። ስለዚህ አንዲት ሙሽራ መስታወት ፊት ቆማ አንደኛው እጅጌ ጣቶቿን ሲሸፍን፣ ሌላው ክርኗ ላይ ሲቀር፣ ሱቅ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እማዬ ግን አልሳቀችም።

«ቀሚሱ ምንም አልሆነም፤ እጅሽ ነው» አለቻት በቁጣ።

ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ያን ጊዜ ሳቄን ዋጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። እማዬ ሃያ ዓመት በተመላለሰችበት መንገድ ላይ ጠፋችና ጎረቤታችን፣ አንዲት ሶማሌ ነጋዴ፣ ማታቱ ከሚባሉት ታክሲዎች ተራ አግኝታ እጇን ይዛ አመጣችልኝ። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነበር። ሱቁን ዘጋንና ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ እኔ ቤት፣ አብራኝ መኖር ጀመረች።

ነገሩ ለቤተሰባችን አዲስ አልነበረም። አያቴ የወለደቻቸውን ልጆች ሳታውቅ ነው የሞተችው። የእናቴ ታላቅ እህትም እንደዚያው። «ጃጁ» ይባል ነበር፣ ሌላ ስም አልነበረውም። አጎቶቼ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰርጌ ላይ ማን ቀርቶ ማን እንደመጣ ሳይቀር ያስታውሱ ነበር። ሴቶቹ ብዙ ስለሚኖሩ ነው እንል ነበር።

«እንመርመር» አለ ወንድሜ አንድ ቀን። «ከሄድንበት መንገድ ላይ ከምንጠፋ አሁን ብናውቀው ይሻላል።»

እኔ ማወቅ አልፈለግኩም። ግን እስከ ዛሬ ለብቻው የሄደበት ቦታ ስለሌለ ተከተልኩት። ፓርክላንድስ ወዳለች አንዲት የነርቭ ሐኪም ሄደን ደም ሰጠን። ሐኪሟ ረጋ ያለች ኬንያዊት ናት። ውጤቱ ሲመጣ ሁለታችንንም ጎን ለጎን አስቀመጠችን።

«ሁለታችሁም ከእናታችሁ አንድ ዓይነት ጂን ወርሳችኋል» አለች። «በሽታው ይይዛችኋል ማለት ግን አይደለም። ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። ይህንን ጂን ይዘው እስከ መጨረሻው አእምሯቸው ሳይነካ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ።»

«እኩል ነን ማለት ነው?» አላት ወንድሜ። በድምፁ ውስጥ እፎይታ የሚመስል ነገር ነበር።

ሐኪሟ እሱን ትታ ወደ እኔ አየች።

«ጂኑ እኩል ነው። ግን በሴት ላይ ይበረታል። በተለይ ስልሳ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ይህንኑ ጂን ከያዘ ወንድ ይልቅ ሴቷ ለመርሳት በሽታ ትጋለጣለች።»

«ለምን?» አልኳት።

«በእርግጠኝነት አይታወቅም። የወር አበባ ሲቋረጥ ከሚመጣው የሆርሞን ለውጥ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ገና እየተጠና ነው።»

የደም ግፊቴን እንድከታተል፣ እንድንቀሳቀስ፣ እንቅልፌን እንድጠብቅ መከረችኝ። እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሴን እየነቀነቅኩ ሰማኋት። ስወጣ አንዱም ጆሮዬ ውስጥ አልነበረም።

ወንድሜ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አላስነሳም። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

«አንድ ማህፀን ውስጥ ነበርን እኮ» አለ። ከዚያ አለቀሰ።

ጀርባውን አሸሁለት። ክፉ ወሬ የተነገረኝ እኔ፣ የማባብለው እኔ። የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ሰው የሞተብን መስሎት በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ፖሌ ሳና» አለን። አይዟችሁ ማለቱ ነው። አመሰገንነው።

ለእማዬ ምንም አልተናገርንም። ቢነገራትስ ምን ትይዛለች፣ አልን።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ አስቀምጬ ፀጉሯን እያበጠርኩላት፣ «እትዬ» አለችኝ። ታላቅ እህቷ መስያት ነው። ማረሙን ትቼው ስለነበር «አቤት» አልኳት።

«እንደ እማማ እየሆንኩ ነው መሰለኝ።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።

«ነገር ይጠፋብኛል» አለች። «ለልጄ እንዳትነግሪያት።»

«ለየትኛው ልጅሽ?»

«ለሴቷ ነዋ! የኛ ጣጣ በሴት ነው የሚወርደው። ከሰማች ራሷን ማየት ትጀምራለች። ፈሪ ናት እሷ። አደራሽን፣ እትዬ።»

«አልነግራትም» አልኳት።

እጄን ስባ ሳመችውና ወዲያው ረሳችው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ውሃው እስኪበርድልኝ የምጠብቅ ይመስል ቆምኩ። ከሐኪሟ በፊት ታውቅ ነበር። ስንት ዓመት ለብቻዋ እንደተሸከመችው፣ ስንት ጊዜ እኔን እያየች ስለ እኔ እንደፈራች፣ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ይህንን ለወንድሜ ነገርኩት። በማግስቱ ከሥራ በፊት መጣ፤ ከዚያ በኋላም በየጠዋቱ። ፊቷን ማጠብ፣ ገንፎ ማጉረስ፣ ልብሷን መቀየር ተማረ። ሹሩባ ካልሠራሁ ብሎ በወፋፍራም ጣቶቹ ፀጉሯን ያወሳስበው ነበር። ሚስቱ አስታማሚ እንቅጠር ስትለው «ተይኝ፣ እጄ ይልመድ» አላት።

«ለማን ነው የሚለምደው?» አልኩት አጠገቡ ቆሜ።

ሹሩባውን ፈትቶ እንደገና ጀመረ።

«አንተ ማን ነህ?» ትለዋለች እማዬ።

«ልጅሽ ነኝ።»

«ደግ ሰው ነህ» ትለዋለች፣ እንግዳ እንደምታመሰግን።

በሐምሌ ብርድ አረፈች። እጇ በእሱ እጅ ውስጥ ነበር። እኔ በስተግርጌ ተቀምጬ እግሯን አሞቅ ነበር፤ ሳላውቅ፣ ከቀዘቀዘም በኋላ ማሸቴን አላቆምኩም።

ልጄ እዚሁ ናይሮቢ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ከቀብሩ በኋላ አልጋዬ ላይ ወጥታ ተጠጋችኝ።

«ማሚ፣ የቴስቱን ሪዘልት ለምን አልነገርሽኝም? ሴማ ባሲ» አለችኝ፤ ተናገሪ እንጂ ማለቷ ነው።

ነገርኳት። እናቴ አደራ ያለችው እኔ እንዳልሰማ ነበር፤ እኔ ግን ከልጄ መደበቅ አቃተኝ። «እኔ አሁን አልመረመርም» አለች። «መጀመሪያ ትንሽ መኖር እፈልጋለሁ።» ልክ ነሽ አልኳት።

የአርባው ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። ወጡን ላወጣ ድስቱን ከፍቼ እጄን ወደ ልጄ ዘረጋሁ።

«ያንን… ያንን ስጪኝ» አልኳት።

«የቱን?»

ቃሉ አልመጣም። በየቀኑ የምይዘው ነገር ነው፤ ቅርጹ ይታየኛል፣ ስሙ የለም። ወንድሜ ሳህን ተሸክሞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፣ እዚያው ቆመ።

«ጭልፋ?» አለች ልጄ፣ አማርኛ የሚያደናቅፋት ልጄ።

«አዎ፣ ጭልፋ።»

አቀበለችኝ። እጇን ግን ከጭልፋው አላነሳችም። ሁለታችንም ይዘነው ፊቴን መረመረችው።

«ደክሞሽ ነው ማሚ» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ደክሞኝ ነው።»