በተመደብኩበት ቦታ ሁሉ

ልጆቼ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲዘጋጁ መስታወት ፊት ቆመው ያጠናሉ። እኔ እሰማለሁ፣ ዝም እላለሁ። የማውቀው ነገር ጠፍቶኝ አይደለም፤ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ተፈትኜ አንደኛ ወጥቻለሁ። ግን «ምክር ስጪን» ሲሉኝ አፌ ላይ የሚመጣው «ተጠንቀቁ፣ ልታልፉ ትችላላችሁ» የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ ለወጣት የሚነገር ነገር አይደለም።

የተፈተንኩት አሰብ ነው። አባቴ እዚያ ወደብ ላይ ክሬን ነጂ ነበር። እናቴ ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ከደሴ ይዞኝ ወረደ። ዘመዶቻችን «ሴት ልጅ ይዞ ወደዚያ እሳት!» ብለው አልቅሰዋል አሉ። እኔ ግን እሳቱን ወደድኩት። ሐምሌ ላይ አንሶላችንን ውኃ ነክረን፣ ጨምቀን፣ ግቢው ውስጥ በየአልጋችን ተጠቅልለን እንተኛለን፤ እንቅልፍ ሳይወስደን ይደርቅና ተነስተን እንደገና እንነክራለን። ይህን ለሰው ሳወራ «እኔን!» ብለው ከንፈራቸውን ይመጥጡልኛል። ይምጠጡ። ከዚያ እርጥብ አንሶላ የበለጠ የናፈቀኝ ነገር የለም፤ አሁን ደግሞ እሱን ፍለጋ ለመሄድ ድንበር መሻገር ያስፈልጋል።

አባቴ ጆሮው ከብዶ ነበር። የክሬኑ ሞተር ነው የበላው። ይህን ከእኔ በቀር ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግም። ጭነት የሚነሳውና የሚወርደው በእጅ ምልክት ስለነበር ታች የቆመው ሰው እጁን ካወዛወዘለት ሥራው አይጎድልም። ሰው አናግሮት ሳይሰማ ሲቀር ግን «እሺ፣ እሺ» ይልና ወዲያው «ነፋሱ ዛሬ ቀለል ብሏል» ብሎ ያልፋል። ጎረቤት የልጁን ሠርግ ሲነግረው ነፋሱ ቀለል ይላል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ለስብሰባ ሲጠራው ነፋሱ ቀለል ይላል፤ ያ የአሰብ ነፋስ አሸዋውን እያነሳ ዓይናችንን ሲያጠፋም ቀለል ይላል። ያን ጊዜ ፊቱ ሄጄ እቆማለሁ፤ አፌን እንዲያይ አድርጌ፣ ሳልጮህ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቼ እደግምለታለሁ። መጮህ አይወድም ነበር፤ ጎረቤት ይሰማል ይላል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባ ሲለኝ፣ ደሴ ያለችው አክስቴ «ትምጣልኝ፣ ልብስ ስፌት ትማር» አለች። አባቴ ሲተክዝ ሰነበተና አንድ ቀን ቁርጡን ነገረኝ።

«ሥራ ካገኘሽ ትቀሪያለሽ። ካላገኘሽ መስከረም ሲጠባ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። እዚህ ቁጭ ብለሽ እኔን ስትጠብቂ ማርጀት የለብሽም።»

እኔ ደግሞ መሄድ አልፈለግሁም። ምክንያቴ አንድ ነበር። እኔ ከሄድኩ እሱን ማን ያናግረዋል?

በዚያው ሰሞን ወደቡ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የመርከብ ጉዳይ የሚያስፈጽም አንድ መሥሪያ ቤት ለአሰብ ቅርንጫፉ የሬዲዮ ኦፕሬተር ይፈልጋል። የሬዲዮውን ክፍል አውቀዋለሁ። ለአባቴ ቁርስ ሳደርስ ዘበኛው አንድ ቀን «ወጥተሽ እይ» ብሎኝ ደረጃውን ወጥቻለሁ። በላይኛው ፎቅ መስኮት የአባቴ ክሬን ከላይ እስከ ታች ይታያል፤ ጋቢናው ውስጥ ራሱ ላይ የጣላት ነጭ ፎጣ ሳትቀር ትታያለች። ያንን መስኮት ፈለግሁት። ሌላውን፣ ደመወዙንም ማዕረጉንም፣ ልብ ብዬ አላነበብኩትም።

ዝግጅቱ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ተጀመረ። አባቴ ሽርጡን አገልድሞ የገመድ አልጋው ላይ ኮሚቴ ሆኖ ተቀመጠ። አንድ ራሱን ሦስት ሰው ነበር፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰብሳቢው፣ ሽርጡን ሲያጠብቅ የአስተዳደር ኃላፊው፣ ጣቱን ሲቀስር የፓርቲ ተወካዩ። እኔ ግቢው ጥግ፣ ውኃ በርሜሉ አጠገብ ቆሜ፣ ሬዲዮ ላይ እንዳለሁ ሆኜ ጋዜጣ አነብለታለሁ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ የየመን ዘፈን ይለቃል፣ ተሳቢ መኪና እየተንገጫገጨ ያልፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ያነበብኩትን አባቴ መልሶ ይነግረኛል፤ ያልደረሰውን እንደገና አነባለሁ። ቁጥር ላይ ምሕረት የለውም። ጋዜጣው ሲያልቅ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ያስነብበኝ ነበር።

ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል።

«ጓዲት፣ ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው?»

«ከመስኮቱ አንተን ለማየት።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር አለ። «እንዲህ ያልሽ ቀን ጉድሽ ፈላ! ሀገሬንና አብዮቱን ለማገልገል ነው የሚባለው።» ጣቱን ቀሰረ፤ የፓርቲው ተወካይ ሆነ ማለት ነው። «ሀገር በመደበችሽ ቦታ ሁሉ ለመሥራት ፈቃደኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ነኝ አይባልም። ደረትሽን ነፍተሽ፣ በተመደብኩበት ቦታ ሁሉ! በይ።»

«በተመደብኩበት ቦታ ሁሉ!»

ይህን ያኔ ማንም እንደ ጥያቄ አይቆጥረውም ነበር። ስብሰባ ሲያልቅ እንደሚጨበጨበው ጭብጨባ ነው፤ ሁሉም ይጠየቃል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመልሳል፣ ወደየቤቱ ይሄዳል። አባቴ ራሱ ከደሴ አሰብ የወረደው ይህንኑ ብሎ እንደነበር አንዳችንም ትዝ አላለንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኛ ጭራሽ በየምሽቱ እየተለማመድን ነበር።

በመጨረሻ የልብስ ነገር መጣ። አባቴ የእናቴን ሻንጣ ከፍቶ ጥቁር የሱፍ ካፖርቷን አወጣ። ከአዲስ አበባ በሚመጡ ሰዎች ፊት በስስ ቀሚስ አይቀረብም አለ።

«አባባ፣ ሐምሌ ነው እኮ! ካፖርት?»

«እሺ፣ እሺ» አለ የካፖርቱን አቧራ እያራገፈ። «ነፋሱ ዛሬ ቀለል ብሏል።»

ያን ቀን ግን አጠገቡ ነበርኩ፤ አጥርቶ ሰምቶኛል። መስማት ያልፈለገውንም በነፋሱ እንደሚያሳልፍ ያን ጊዜ ገባኝ። ካፖርቱን ለበስኩ።

የፈተናው ጠዋት አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሕፃን ታቅፋ ነበር። ባሏ የአዲስ አበባ መንገድ ሾፌር ነው፤ ምንም እንዳልተዘጋጀች ነገረችኝ። «የመጣልኝን ነው የምላቸው» አለች። አዘንኩላት። እንዲያውም ደግ ልሁን ብዬ፣ «ስለ ምደባ ሲጠይቁሽ፣ በተመደብኩበት ቦታ ሁሉ ብለሽ መልሽ» አልኳት።

ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «እንዴ! ባሌ ከመንገድ ሲመለስ የት ያገኘኛል?»

በቃ፣ ይቺ ወደቀች ብዬ ደመደምኩ።

እኔ ስገባ ኮሚቴው በእርግጥም ሦስት ሰው ነበር፤ አባቴ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ከረባታቸውን አላልተው፣ መሐረባቸውን አንገታቸው ውስጥ ከትተው፣ ቬንትሌተሩ የሚገፋውን ትኩስ አየር አፋቸውን ከፍተው ይቀበላሉ። ካፖርቴን ሲያዩ ደነገጡ።

«ጓዲት፣ አሞሻል እንዴ?» አለኝ ሰብሳቢው።

«አላመመኝም። አባቴ ነው» አልኩ።

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ቀለለኝ። ቴክኒሻናቸው ሌላ ክፍል ገብቶ ሬዲዮ ከፈተ፤ እኔ የጭነት ዝርዝር አነበብኩለት፤ የመርከብ ስም፣ የከረጢት ብዛት፣ ቶን። ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፣ ውጭ ጭነት ይወርዳል፤ ለእኔ ግን የውኃ በርሜላችን አጠገብ እንደመቆም ነበር። ሰውዬው የጻፈውን ይዞ ተመለሰና ሰብሳቢው ፊት አስቀመጠው። አንድም የጎደለ አልነበረም።

«እንዲህ ማንበብ የት ተማርሽ?» አለ ሰብሳቢው።

«አባቴ ጆሮው...» ልል ነበር። የሰው ምስጢር ነው። «እቤት» አልኩ።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ሰብሳቢው እስኪርቢቶውን አንስቶ፣ ትክ ብሎ እያየኝ ነው የጠየቀኝ። ያንን አተያይ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ለይስሙላ የሚጠይቅ ሰው መልስ አይጠብቅም። እኔ ግን አላስጨረስኩትም። ደረቴን ነፍቼ «በተመደብኩበት ቦታ ሁሉ!» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰውየው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ፤ እኔም በኩራት ካፖርቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ አንደኛ እኔ ነኝ፤ ምድቤ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ አዲስ አበባ። ሁለተኛ ያቺ ባለ ሕፃን፤ ምድቧ አሰብ።

አስተዳደር ቢሮ ሮጥኩ። የአዲስ አበባው ሬዲዮም ሰው እንደጎደለው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ የተሻለውን ድምፅ እንደሚፈልግ ነገሩኝ። «ራስሽ ነሽ ያልሽው፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። ሰፈር ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ እልልታ ነው። አሰብ ውስጥ ሰው ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ስለት ይሳላል፤ እኔ ሳልሳል ተሰጠኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ነው ብለው አብረውኝ አለቀሱ።

አባቴን ግቢ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩበት።

«አንተ ነህ ያስጠናኸኝ!»

«ሌላ ምን ትይ ነበር?»

«አባቴን ትቼ አልሄድም እላለሁ! እሷ ባሌን ትቼ አልሄድም ብላ ይኸው ቀርታለች!»

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ድምፅ ቀነሰ። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ስለ ነፋሱ ምንም አላለም።

«እውነቱን መናገር እንደሚቻል አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ» አለኝ።

እምቢ ማለት አይቻልም ነበር፤ ምደባ የገፋ ሰው ሌላ ሥራ አያገኝም፣ መስከረምም መጥባቱ አይቀርም። ከአሰብ ያወጣኝ የዚያች ሴት ባል ነው፣ በከባድ መኪናው። ደጋው ላይ ስንደርስ ብርዱ አንሰፈሰፈኝና የእናቴን ካፖርት ለበስኩ። አባቴ ለፈተናው ቀን ሳይሆን ለብዙ ዓመት አስቀድሞ ያሰበበት መሰለኝ፤ ያን ካፖርት አዲስ አበባ ላይ ለብሼ ጨረስኩት።

በየጠዋቱ «አሰብ፣ አሰብ፣ ይሰማል?» እላለሁ። የምትመልስልኝ ያቺ ባለ ሕፃን ናት። የግል ወሬ ክልክል ነው፤ የመርከቡን፣ የጭነቱን እንቀባበላለን። ከመሄዴ በፊት ስለ መስኮቱ ነግሬያት ነበርና፣ ስንጨርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምርልኛለች። «ክሬኑ እየሠራ ነው። ፎጣዋም አለች።» መስኮቴ ላይ ተቀምጣ ለእኔ ታይልኝ ነበር። እግዜር ይስጣትና አንድም ቀን አልረሳችም። እኔ ግን አንዳንድ ቀን እስከ ማልቀስ እቀናባት ነበር።

አባቴ ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ አንድ ጠዋት፣ ሥራችንን ስንጨርስ፣ «አንድ ጊዜ ጠብቂ» አለችኝ። ኮቴ ሰማሁ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያ የማውቀው ትንፋሽ።

«አባባ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል» አለ። እንዲህ በል ብላው ይሆናል።

ለስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ወሬ ሁሉ ጠፋብኝ። «ቤት ተከራይቻለሁ» አልኩት። «ሁለት አልጋ አለው። ጡረታህ ሲደርስ እኔ ጋ ና። መቼ ትመጣለህ?»

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«እሺ፣ እሺ» አለ አባቴ። «ነፋሱ ዛሬ ቀለል ብሏል።»

አልሰማኝም ይሆናል። ወይም እንደ ካፖርቱ ቀን አጥርቶ ሰምቶኛል። የቱ እንደሆነ የማውቀው ፊቱን ሳይ ነበር። ማይክሮፎኑን ወደ ራሴ ሳብኩና፣ አፌን እንዲያይ አድርጌ፣ ሳልጮህ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቼ ደገምኩለት።