በሌለችበት የጠበቡ ልብሶች

ሰዓት ሠሪው ሥራ ላይ ሲሆን ከራሱ ጋር ያወራል ይሉታል ጎረቤቶቹ። ተሳስተዋል፤ የሚያወራው ከሚስቱ ጋር ነው። የሥራ ጠረጴዛው መንገዱን ከሚያየው መስኮት ሥር ነው። እሷ ተረኛ ባልሆነችባቸው ቀናት ከጀርባው ካለው ድንክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራ ነበር። እሱም አጉሊ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ «ይኸኛው ሰውዬ ሰዓቱን ሾርባ ውስጥ ነው የነከረው፤ ሰማሽ?» ይላታል። «ሰማሁ» ትለዋለች። ከሄደች ሁለት ዓመት ሞላት፤ አፉ ግን ልማዱን አልለቀቀም። አሁን «ሰማሽ?» ሲል የሚመልሱለት ከውስጠኛው ክፍል አማቱ ናቸው።

«ሰማሁ! አልደነቆርኩም!»

ሚስቱ ነርስ ናት። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን ለመንከባከብ ልትሠለጥን፣ እግረ መንገዷንም ልትሠራ፣ የሁለት ዓመት ውል ፈርማ ራቅ ወዳለ አገር ሆስፒታል ሄደች። ያኔ ትልቋ ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ትንሿ፣ በእግሯ ሄዳ የማታውቀውና በዝላይ ብቻ የምትንቀሳቀሰው «ፌንጣ»፣ ሦስት ዓመት ተኩል። የዚያ አገር መስመር ደካማ ስለነበር በስልክ የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነው። ፌንጣ እናቷን የምታውቃት በጆሮዋ ነበር ማለት ይቻላል።

«ጸደይ ሲገባ እመጣለሁ» ብላ ነበር።

ያ ጸደይ ደግሞ ልግባ አልግባ እያለ ሲያመነታ የከረመ ነበር። ጠዋት ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ሰውን ካፖርቱን ታስወልቀዋለች፤ ቀትር ላይ በረዶ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይነርተዋል። የደጁ ዛፍ አበባውን አውጥቶ በማግስቱ ያረግፍና እንደገና እምቡጥ ይጀምራል። ሠፈርተኛው ልብስ ሲያሰጣና ሲሰበስብ ይውላል።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ ዝናቡ በነፋስ ታግዞ በመስኮቱ ሥር ሰርጎ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ። ሰዓት ሠሪው የተፈታታውን ሰዓት ሁሉ በጉያው አቅፎ፣ «ጨርቅ! የሆነ ጨርቅ አምጡ!» እያለ ጮኸ። ትልቋ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ ከረጢት ጎትታ አመጣችና መሬት ላይ ዘረገፈችው።

ልጆቹ ያደጉባቸው ልብሶች ነበሩ። ጉልበቱ የተበሳ ሱሪ፣ ክርኑ የሳሳ ግራጫ ጃኬት፣ የትልቋ ያጠረ የትምህርት ቤት ቀሚስ፣ የፌንጣ ቁምጣዎች። ሰዓት ሠሪው አንዱን አንስቶ ውሃው ላይ ሊጥለው ሲል እጁ እንቢ አለው። ከሁሉም በላይ የነበረችው ቢጫ ቀሚስ ነበረች፤ አዲስ፣ አንድም ቀን ያልተለበሰች። ሚስቱ ባለፈው ዓመት የላከቻት ናት። የገዛቻት ጥላት በሄደችው ፌንጣ ልክ ነበር፤ ቀሚሷ ስትደርስ ልጅቷ ከልኩ አልፋ ጭንቅላቷም አልገባላት። በስልክ «እንዴት ነው፣ ልኳ ሆነ?» ስትለው፣ «ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አላት። በዕድሜው ከዋሻቸው ውሸቶች ሁሉ ያቺ ትከብደው ነበር።

ውሃው እየፈሰሰ እሱ ልብሶቹን ይዞ ቆሞ ቀረ። አማቱ ብቅ ብለው አዩት። በወጣትነታቸው የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መርፌ መያዝ ካቆሙ ከርመዋል፤ ምላሳቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ምነው፣ ጨርቅ አላልክም?»

«እነዚህን እኮ ሲለበሱ አላየቻቸውም እማማ» አለ። «ስትሄድ ገና አልተገዙም፤ ስትመጣ ደግሞ ጠበዋል።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ውሃው ላይ ጣሉትና፣ «እንግዲያው እንስፋቸዋ» አሉ። «ቆራርጠን፣ ገጣጥመን፣ አንድ የአልጋ ልብስ እናውጣቸው። ዓይኗ ያላየውን ደርባ ትተኛበት።»

ሥራው እንደዚህ ተጀመረ። አማቲቱ ወንበራቸው ላይ ተሰይመው ያዛሉ፤ ትልቋ በካርቶን ልክ እያደረገች ትቆርጣለች፤ ፌንጣ ቁርጥራጩን በቀለም እየለየች ወለሉ ላይ ትደረድራለች፤ የመርፌው ሥራ በሰዓት ሠሪው ላይ ወደቀ። የስፌት መኪናው የእግር መርገጫው ተሰብሮ ስለቆየ ሁሉም በእጅ ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው የራሱን ሙያ ነውና አጉሊ መነጽሩን ሰክቶ፣ ክሩን በወረንጦ ይዞ በመርፌው ዓይን ሲያስገባ አማቱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ኢንጂነሩ! ልብ ነው እንዴ የምትቀድደው? ጨርቅ ነው እኮ!»

የግድግዳ ሰዓቱን ሊወስድ የመጣ አንድ ጡረተኛ ባቡር ነጂ በሩ ላይ ቆሞ ግራ ገባው። «ቤት ተሳሳትኩ መሰለኝ» አለ። ነገሩ ሲነገረው ግን ቁጭ ብሎ ሁለት የተጣበቁ ቁርጥራጮች ሲፈታ ዋለ።

ቢጫዋን ቀሚስ ማንም ሳይነካት ሰነበተች። ፌንጣ «መሃሉ ላይ እሷ ትሁን» ብላ ሙጭጭ አለች። አባቷ ደግሞ ዳር ዳር ይላል።

«ምን ትፈራለህ?» አሉት አማቱ። «ውሸትህን በመስቀያ ሰቅለን እንድናኖርልህ ነው የምትፈልገው?»

በመጨረሻ መቀሱን እሱ ራሱ ያዘ። ሲቆርጣት ፊቱን ያየ ሰው ጥርሱ የሚነቀል ይመስለው ነበር።

ትመጣለች የተባለው ቅዳሜ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልክ ተደወለ፤ የምትተካት ነርስ አልደረሰችም፣ አሥር ቀን ታገሡኝ። አሥሩ ቀን አለቀ፤ እንደገና ተደወለ፤ ዝናቡ ድልድይ ወስዷል፣ መኪና አያሳልፍም። ሰዓት ሠሪው «እሺ፣ አይዞሽ፣ እኛ ደህና ነን» አለና ስልኩን አስቀምጦ ለብዙ ጊዜ እጁን ከላዩ አላነሳም።

«ስንት ቀን አለች?» አለች ትልቋ።

«ድልድዩን የሚሠሩት ሲጨርሱ።»

«እነሱ መቼ ይጨርሳሉ?»

«እኔ ሰዓት ነው የምሠራው ልጄ» አላት። ሊቀልድ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መስፋቱን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ስፌቱ ግን ጠማማ ነበር፤ ዓይኑ መርፌው ላይ፣ ልቡ ድልድዩ ላይ።

የመጣችው ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው፣ ማንም ሳይጠብቃት። ድልድዩ እስኪሠራ አላስችል ቢላት ወንዙን በእግረኛ መሻገሪያ አልፋ፣ ማዶ በጭነት መኪና ተሳፍራ፣ ስልኳ በዝናብ ረስርሶ አልበራ ብሏት፣ በረዶ እየወረደባት ደረሰች። በሩ ሲንኳኳ ሰዓት ሠሪው ጭኑ ላይ ጨርቅ ተከምሮበት ነበርና ፌንጣ እየዘለለች ሄዳ ከፈተች። ከጸጉሯ ውሃ የሚንጠባጠብ ረጅም ሴት ቆማለች። ፌንጣ ሽቅብ አየቻት።

«ማንን ነው የሚፈልጉት?» አለቻት፣ ጨዋ ልጅ ናትና በአንቱታ።

«እዚህ ቤት ያሉትን» አለች ሴትዮዋ።

«አባዬ! እንግዳ መጥተዋል!»

ሰዓት ሠሪው ሲነሳ ጨርቁም መርፌውም ወለሉ ላይ ተበተነ። ትልቋ ከጓዳ በሩጫ ወጥታ በእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። አሮጊቷ እልል አሉ፤ ወዲያው ልቅሶውም ተከተለ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል ፌንጣ እየዘለለች ሄዳ ፎጣ አመጣችና ለእንግዳዋ ዘረጋች። «ይውሰዱ፤ ያድርቁ» አለቻት። ሁሉም ሳቁ። እናትየዋ ግን አልሳቀችም፤ ፎጣውን ተቀብላ ፊቷን ሸፈነችበት።

እንደ ቀልድ የታየው ነገር ቀልድ ሆኖ አልቀረም። ፌንጣ በማግስቱም «ይቀመጡ»፣ «ይብሉ»፣ «እግርዎን ያንሱልኝ» ማለቷን ቀጠለች። አባቷ ቆጣ ብሎ «እናትሽ እኮ ናት!» ሲላት አንገቷን ትነቀንቃለች፤ አፏ ግን ወደዚያው ይመለሳል። «ተዋት» አሉ አማቱ፣ «ልጅቷን አታስጨንቃት።»

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው ሥራ ላይ ሳለ ፌንጣ ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ ደወለች። ወደ እናቷ መደወል በደንብ ታውቃለች። ስልኩ የጮኸው በመኝታ ቤቱ ነበር፤ የእናቷ ስልክ ደርቆ ነፍስ ዘርቷል። እናትየዋ አልጋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። ባሏ ደንግጦ በሩ ላይ ደረሰ፤ እሷ ግን ዝም በል ብላ በጣቷ አመለከተችውና አነሳችው።

«ሄሎ፣ እማዬ?»

«ወዬ፣ የኔ ፌንጣ።»

«ወሬ ልንገርሽ? ቤታችን አንድ ሴትዮ መጥተዋል።»

«እንዴት ያሉ ሴትዮ?»

«ረጅም። እጃቸው ይቀዘቅዛል። የሳህኑን ቦታ አያውቁትም። ስበላ ዝም ብለው ያዩኛል።»

«ክፉ ናቸው?»

«አይ፣ ጥሩ ናቸው።»

«እንዲሄዱ ትፈልጊያለሽ?»

ፌንጣ መስኮቱን አየች። ውጭ በረዶውና ፀሐይዋ አንድ ላይ ነበሩ። «አይ፣ ዛሬስ ይደሩ፤ ይቀዘቅዛል» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ግን መቼ ነው የምትመጪው?»

ሰዓት ሠሪው በሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «እየመጣሁ ነው» አለች። «ትንሽ ቀርቶኛል።»

የዚያን ዕለት ማምሻውን ሚስት ያላለቀውን የአልጋ ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው። ቢጫዋ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«እኔ እኮ ሆስፒታል ውስጥ እየዞርኩ ስለዚህች ቀሚስ አውርቻለሁ። ልጄ ለብሳት ስትሮጥ ይታየኝ ነበር።» አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ደግሞ ይበልጥ አስጨነቀው። «ስንት ጣት ጎደላት?»

«ጭንቅላቷም አልገባ።»

እሷ ትንሽ ፈገግ አለች። እሱ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ትከሻቸው ተነካካ።

ነገሩ የተለወጠው ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ነው፤ የተለወጠውም በፍቅር ሳይሆን በጠብ ነው። እናትየዋ መርፌ ይዛ ለመጨረስ ተቀመጠች። የእናቷ ልጅ ናትና የባሏን ጠማማ ስፌት አይታ ማለፍ አልቻለችም፤ በመቀስ ጫፍ እየለቀመች መፍታት ጀመረች። ፌንጣ አየቻት። ከነበረችበት ጥግ በአንድ ዝላይ መጥታ ጨርቁን ነጠቀቻት።

«አትፍቺው! አባዬ ነው የሰፋው! አንቺ አልነበርሽም!»

ትልቋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናትየዋ እንደተመታ ሰው ሆነች፤ ቀጥሎ ደግሞ በዚያ ቁጣ ውስጥ ምን እንደሰማች ገባት፤ ዓይኗ ሞላ።

«አልነበርኩም» አለች። «እውነትሽን ነው፤ አልነበርኩም።»

ፌንጣ መከራከሪያ ስላጣች ደነገጠች። ጨርቁን እንደታቀፈች፣ «ከዚህ ወዲያ ያለውን መስፋት ትችያለሽ» አለቻት፣ ገና ያልተያያዘውን ወገን እያሳየች። እናትየዋም ጠማማውን በጠማማነቱ ትታ፣ ከሱ አጠገብ የራሷን ጀመረች።

የአልጋ ልብሱ ያለቀው ሙቀቱ ከረጋ በኋላ ነው። ከወዲያኛው ሆስፒታል ውሉን አድሺ የሚል ደብዳቤ መጣላት፤ አንብባው በትሕትና «አልችልም» ብላ መለሰች፤ እዚሁ ሠፈሩ አቅራቢያ ባለ የሕክምና ጣቢያ ሥራ ገባች። እዚያ ከትልልቅ ሰዎች በቀር የሚታከም የለም፤ ከተመለሰች ወዲህ በሠለጠነችበት ሙያ ጨቅላ አቅፋ አታውቅም። አንዳንድ ማለዳ መዳፏን ገልብጣ ዝም ብላ ስታየው ባሏ ያያታል፤ አይጠይቃትም። እሱም ቢሆን የተመለሰችው ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ ይናፍቃት ነበር። የሚናፍቀው አብረው ያልኖሩት ሁለት ዓመት እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናትና ልጆች አልጋው ላይ ይወጣሉ። እናትየዋ ጣቷን አንዱ ቁራጭ ላይ ታሳርፍና «ይቺስ?» ትላለች። ባለፈው ቅዳሜ ግራጫው ጃኬት ላይ ነበር ያረፈችው።

«እሱን ለብሼ ነው ከደረጃው የወደቅኩት» አለች ፌንጣ። «አላለቀስኩም።»

«ኧረ! መንደሩን ነው ያናወጥሽው» አለች ትልቋ።

«ትንሽ ነው ያለቀስኩት!»

«አባዬ ደግሞ ደም ሲያይ ራሱን ሊስት ነበር» ብላ ትልቋ ቀጠለች፤ አባትየው ከጠረጴዛው ሆኖ «ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። አማቲቱ ከውስጥ ሆነው ውሸት አለመሆኑን መሰከሩ። እናትየዋ ጃኬቱን በመዳፏ እየጠረገች፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣት አንገቷን ወደ ልጆቿ አዘነበለች።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለች።