የእማማ ዘሀራ ጥድ

ይህን ስናገር ገና ዛሬ ነው። ባለቤቴ አታውቀውም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረግፍ ይህችን ብቻ ዘልዬ መጥቻለሁ፤ ስለ እንጨት ደግሞ ምን ይወራል እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖርኩ። እናንተን ግን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። እኔ የአንዲት እናትን የቤት እንጨት ዋሽቼ ወስጃለሁ። እሳቸውም መርቀው ነው የሰጡኝ።

አርክቴክት ነኝ። ቢሮ ውስጥ ጓደኞቼ «ካርቦኑ» ይሉኛል፤ ምሳ ላይ እንኳ ስለ ሲሚንቶ ጭስ ካላወራሁ ምግቡ አይወርድልኝም። ምን ላድርግ፣ ነገሩ ደስ ይለኛል። አስቡት እስቲ፤ ለሲሚንቶ የኖራ ድንጋይ በእሳት ይቃጠላል፣ ብረት ቀልጦ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል፤ ቤቱ ገና ሰው ሳይገባበት አየሩን በክሎታል። እንጨት ግን ዛፍ ሳለ ከአየር የሳበውን ካርቦን በሆዱ ይዞ ዝም ብሎ ጣሪያ ይሸከማል። አሮጌ እንጨት ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ አዲስ ዛፍ አይቆረጥበትም፣ ምንም አይቃጠልበትም። ይህን ስጽፍ እንኳ ደስታው ይመለስብኛል። ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ደስታ ነው እንጂ ከክፋት አይደለም ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ግን ክፋት ሲመጣ ሁልጊዜ ፊቱን አጨማድዶ ነው የሚመጣው ያለው ማነው?

በዚያን ጊዜ ወሎ ሰፈር ለአንድ ደንበኛ ባለ አንድ ፎቅ ቢሮ እሠራ ነበር። ጣሪያው በሙሉ ከፈረሱ ቤቶች በተገኘ እንጨት ይሆናል ብዬ ፎክሬያለሁ። ግድግዳው በአፈር ብሎክ አልቋል፤ እንጨቱ ግን የለም። የማገኘው ሁሉ ወይ የተጣመመ ነው ወይ የበሰበሰ። ደንበኛዬ ትዕግሥቱ አልቆ በቃ በብረት ይሁን ማለት ጀምሮ ነበር።

ልክ በዚያ ሳምንት እማማ ዘሀራ ደወሉልኝ። ካዛንቺስ ባደግሁበት ግቢ የእናቴ ጎረቤትና የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ እናቴ ገበያ ስትሄድ የምውለው እሳቸው ጋ ነበር። ሰፈሩ ሊፈርስ ስለነበር ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸዋል። እዚያ ሁለት ክፍል ሊሠሩ አስበዋል፤ አንዱን ለራሳቸው፣ ሁለተኛውን ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር በኪራይ ቤት ሕፃን ይዛ ለምትንገላታው ልጃቸው ለሰሚራ። እኔን የጠሩኝ ከአሮጌው ቤት የትኛውን እንጨት ነቅለው ቢወስዱ እንደሚጠቅማቸው እንድነግራቸው ነው። የሰፈሩ ልጅ ነኝ፣ ተምሬያለሁ፣ ያምኑኛል።

ቤታቸው ስደርስ ኮርኒስ የነበረውን የአቡጄዲ ጨርቅ አውርደውታል። ቀና ብዬ አየሁ። ጥድ ነው። ቀጥ ያለ፣ በደንብ የተጠረበ፣ የዘመን ጭስ ያጠቆረው የሐበሻ ጥድ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ሰይድ ጎጆ ሲወጡ ያስጠረቡት ነው። በርጩማ ላይ ወጥቼ በጣቴ አንኳኳሁት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ጥፍሬን ሰካሁ፤ አልገባም። አሸተትኩት። ልቤ እንዴት እንደዘለለ ልነግራችሁ አልችልም፤ ብቻዬን ልስቅ ምንም አልቀረኝም። በዓይኔ ለካሁት፣ በሐሳቤ ወሎ ሰፈር ወስጄ ደረደርኩት። እማማ ዘሀራ ከታች ቆመው «እንዴት ነው ልጄ፣ ይሆነኛል?» ይሉኛል። እኔ የራሴን ጣሪያ ሠርቼ ጨርሻለሁ።

በጓዳው በኩል ውሃ ሲወርድበት የኖረ አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ነበር። ሥሩን ምስጥ ጨርሶታል። እኔ እሱን መረጥኩ። በጫማዬ ስነካው ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። «ይኸውልዎ እማማ፣ የሁሉም ውስጡ እንዲህ ነው። ይህን ይዘው ቢሄዱ ምስጡን አዲሱ ቤት ድረስ መውሰድዎ ነው» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ፊት ለፊት እያየኋቸው አልኩ። ጥድን ምስጥ እንደማይደፍረው አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ።

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ሰይድዬ ለልጅ ልጅ ይበቃል ይለኝ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «አንተ ካልክማ ምን ይደረጋል። ማለቴ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። ሠራተኛ አምጥቼ ላስነሣልዎ ስላቸው፣ «አላህ ያክብርህ ልጄ፣ ገላገልከኝ» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ቢሮው ሲያልቅ የመጣው ሰው ሁሉ አንጋጦ ቀረ። ፎቶ አነሱት፣ በእጃቸው ዳሰሱት፣ እግሬ መሬት አልነካም። ለጠየቀኝ ሁሉ «ማገዶ ሊሆን የነበረ ጥድ ነው፤ እኔ ነኝ ያተረፍኩት» እል ነበር። ደጋግሜ ከማለቴ የተነሣ እኔው ራሴ አምኜዋለሁ።

በዒድ እንኳን አደረሰዎ ልል አዲሱ ቤታቸው ሄድኩ። አንዱ ክፍል በቱቦላሬ ብረት ተማግሮ ቆርቆሮ ለብሷል። ሁለተኛው ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያ የለውም፤ ወለሉ ላይ ሣር በቅሏል። ብረት የመግዛት አቅማቸው ከአንዱ ክፍል አላለፈም። ሰሚራ ዛሬም ቡልጋሪያ ተከራይታ ነው የምትኖረው። «ያ ምስጥ ባይበላው ኖሮ ይሄኔ ልጄ እዚህ ነበረች» አሉ፣ ሊወቅሱኝ ሳይሆን እንዲሁ ለወሬ ያህል። ለእኔ ሲሉ ለብቻ የሠሩትን ምስር ወጥ እያጎረሱኝ ነበር። ዋጥ አደረግሁና «ምን ይደረጋል እማማ» አልኩ።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ሙያዬ አፈጠጠብኝ። ምኑን ነው ያተረፍኩት? ጥዱ ያለ እኔም ተርፎ ነበር። እኔ በየስብሰባው የምሰብከውን እሳቸው ማንም ሳያስተምራቸው ሊያደርጉት ነበር፤ ነቅለው፣ አስጭነው፣ መልሰው ጣሪያ ሊያደርጉት። እኔ ከእሳቸው ጣሪያ አንሥቼ የእኔ ጣሪያ ላይ አደረግሁት፣ በፈንታው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ብረት አስገዛኋቸው። ካርቦኑም አልቀነሰ፣ ሰሚራም ቤት አልገባች። የተጠቀመው የእኔ ስም ብቻ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እንደ ልማዴ በደስታ ሰከርኩ። ሁለተኛውን ክፍል በቀርከሃ ለምን አልከድንላቸውም? ቀርከሃ እኮ ቶሎ ያድጋል፣ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው። ንድፉን ሠራሁ፣ አየር የሚወጣበትን አሰብኩ፣ ሕፃኗ የምትተኛበትን ጥግ ሳይቀር ሣልኩ። እንዲህ እየተፍነከነክሁ ሳለ ራሴን ያዝኩት፤ በሐሳቤ ውስጥ እማማ ዘሀራ እየመረቁኝ ነበር። ምንም ሳልናገር ጣሪያ ሠርቼ ምርቃት ልቀበል? እንጨታቸውን ወስጄ አልበቃኝ ብሎ?

ስለዚህ የፊታችን አርብ ከሶላት ሲመለሱ እሄዳለሁ። ንድፉን አልይዝም። «እማማ፣ እንጨትዎ ደህና ነበር፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት» እላቸዋለሁ። ያለቅሱ ይሆናል፣ ከቤቴ ውጣ ይሉኝ ይሆናል። ጥዴን መልስ ካሉኝም ደንበኛዬ ፊት ቆሜ ይህንኑ እደግመዋለሁ። ቀርከሃው የሚነሣው እሳቸው ከፈለጉት ብቻ ነው። እስከዚያው ይህን አንብቦ ልቡ የራራልኝ ሰው ካለ ርኅራኄውን ይያዘው። እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እንጨቱ የእናንተ አልነበረም።